በባዶ መጋዘኔ የዋሉ ሕፃናት

ይህ ነገር አንዲት የምትታለብ ፍየል፣ አንድ ደህና ባርኔጣ፣ የሁለቱን ጉልበቶቼን ቆዳና «እሱን ማንም አያታልለውም» የሚለውን ስሜን አስከፍሎኛል። ፍየልና ባርኔጣ ገበያ ወጥተው ይገዛሉ። ቆዳውም እንደ ነገሩ ተመልሷል። ስም የሚሸጥ ነጋዴ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ጣሊያን መንገዱን በሸዋ ሮቢት በኩል በሚያሳልፍበት ጊዜ ጨው፣ አቡጀዲና እህል እነግድ ነበር። እህሉን እንኳ «እነግድ ነበር» ከምል «እደብቅ ነበር» ብል ለእውነቱ ይቀርባል። ለጦሩ ቀለብ የሚሰበስቡት ሰዎች በየመጋዘኑ እየገቡ ስለሚፈትሹ፣ እኔ እህሌን በየዘመዱ ቤት በትኜ መጋዘኔን ወለል አድርጌ ከፍቼ ተቀመጥኩ። «ግቡ፣ እዩ፣ አንድ ፍሬ ብታገኙ ውሰዱ» እል ነበር። ብልጠቴ እስከዚህ ድረስ ነበር። ባዶ ቤት ግን ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ እህል ካልገባበት ነገር ይገባበታል።

ለመንገዱ ጠጠር የሚያግዙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከደጋ፣ ከደብረ ሲና በኩል የወረዱ አሉ፤ የቆላው አርጎባዎች አሉ፤ ከወንዙ ማዶ የሚመጡ ኦሮሞዎች አሉ። አስያ የምትባል አንዲት አፋር ደግሞ በግመሎቿ ለሠራተኛው ውኃ ታመላልሳለች። ሁሉም ልጆቻቸውን ከመንገዱ ዳር ከግራሩ ጥላ ሥር ያስተኛሉ። አንድ ቀን አንድ ካሚዮን ወደ ኋላ ሲል የሕፃን ቅርጫት ጨፍልቆ ሄደ። ሕፃኑን እናቱ ለማጥባት ያነሣችው በዚያችው ቅጽበት ነበር። የሥራው አለቃ፣ ጣሊያኑ ካቦ፣ እንደዚያ ቀን ደንግጦ አያውቅም። መደንገጡን ለመሸፈን መጮህ ነበረበት፤ ጮኸ። አስተርጓሚው በአጭሩ አቀረበልን፤ «ልጅ ይዛ የምትመጣ ሴት አትሠራም።»

በማግስቱ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ከሱቄ ጥላ ሥር ተደረደሩ። ሥራ የሌላት ሴት ጨው አትገዛም። እኔም አየኋቸው፣ ባዶውን መጋዘኔን አየሁት፣ አሁንም እነሱን አየኋቸው።

«ልጆቹን እኔ ዘንድ አውሏቸው» አልኩ።

አስካለ የምትባል ወጣት ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ከደብረ ሲና የመጣች ናት፤ ባሏ ዱር ገብቷል። የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም። ጀርባዋ ላይ ደምሴ የሚባል፣ ገና ዳዴ የሚል ልጅ አለ።

«ጋሼ፣ ልጅ ይዘው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ከልጅ የከበደ ነገር ስይዝ ነው የኖርኩት» አልኳት።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጅ እንደ ጆንያ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር። ካስቀመጡት ቦታ ይገኛል፤ ዝናብ ካልነካው አይበሰብስም፤ አይጥ ካልበሳው አይጎድልም። ይህን ሐሳቤን ሲሰሙ እትዬ ሐሊማ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እትዬ ሐሊማ ስድስት ልጅ ያሳደጉ አርጎባ ናቸው፤ በጨው ተስማምተን ጠባቂ አድርጌ የቀጠርኳቸው እሳቸውን ነው።

«አያ ነጋዴ» አሉኝ፣ «ጆንያ አፉን ታስረዋለህ። የዚህን አፍ በምን ልታስር ነው?»

በመጀመሪያው ቀን የተማርኩትን ልንገራችሁ። ልጅ ሁሉ በአንድ ቋንቋ ያለቅሳል፤ የሚለያየው ማባበያው ነው። የደጋው ልጅ «እሹሩሩ» ካልተባለ ዝም አይልም። የኦሮሞዋ ልጅ ጀርባዋን በመዳፍ ቸብ ቸብ ካላደረጉላት ትጮኻለች። የአስያ ልጅ ደግሞ እናቷ ግመል ስትጠራ በምላሷ የምታሰማውን ድምፅ ከሰማች ብቻ ትረጋጋለች። ያን ድምፅ ለማውጣት ግማሽ ቀን ተለማመድኩ። በመጨረሻ ሲሳካልኝ ልጅቷ ዝም አለች፤ ውጪ የታሰረች ግመል ግን ገመዷን በጥሳ ከሱቄ በር ላይ ቆመች።

ነገር መመርመር ስለምወድ ንግዱን ረስቼ እነሱን ማየት ጀመርኩ። ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው ምን እንደሚነጋገሩ ማወቅ አማረኝ። የደጋዎቹ «ውኃ» ይላሉ፣ የኦሮሞዎቹ «ቢሻን» ይላሉ፣ የአፋሯ ልጅ «ሌ» ትላለች። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም «ሌ! ሌ!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። ለምን ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ። የደረስኩበት ይህ ነው፦ ሕፃን ተፈጥሮው ነጋዴ ነው፤ ያው ዕቃ ከሦስት ሰው ከቀረበለት ዋጋው ያነሰውን ይወስዳል።

እንግዲህ ብልጠቴ ወደ ሠራው ጥፋት ልምጣ። ማታ እናቶቹ ሲመጡ የመጋዘኑ ውስጥ ይጨልማል፤ ልጆቹ ሁሉ አቧራ ለብሰው አንድ ዓይነት ይሆናሉ። አንዷ የሌላዋን ልጅ አዝላ እስከ ወንዙ ከሄደች በኋላ ተመለሰች። እኔ ዕቃ እንዳይቀያየርብኝ ጆንያዎቼን በፈትል ነው የማውቃቸው፤ የእከሌ በቀይ፣ የእከሌ በጥቁር። ልጆቹንም በዚሁ ሥርዓት ላውቃቸው ወሰንኩ። ከሱቄ ሰማያዊ ፈትል ተትረፍርፎ ነበር። እትዬ ሐሊማ ለሶላት በወጡበት ሰዓት፣ የአንዱን አንድ ቋጠሮ፣ የሌላውን ሁለት ቋጠሮ እያደረግሁ፣ ከየአንገታቸው ላይ አሰርኩላቸው። ባወጣሁት ሥርዓት በጣም ኮራሁ።

ማታ አንድ አርጎባ ሸማኔ ልጁን ሊወስድ መጣ። የልጁን አንገት አየ። ከዚያ የእኔን አንገት፣ ማተቤን አየ።

«ልጄን አጠመቅኸው?» አለኝ።

«እኔ? ኧረ ቋጠሮ ነው፤ ቁጥር ነው!»

«ሰማያዊ ፈትል ባንገቱ አስረህ ቁጥር ነው ትለኛለህ? ወላሂ እስክታረጅ ድረስ የማትረሳውን ቁጥር አሳይሃለሁ!»

ዱላው ከፍ ሲል እትዬ ሐሊማ ደረሱ። ነገሩን በአንድ እይታ አወቁት። ቢላ አውጥተው ፈትሉን ከልጁ አንገት በጥሰው እግሩ ላይ አሰሩት።

«ይኸው። አሁን ማተብም አይደለ፣ ክታብም አይደለ» አሉት። «ይህ ሰውዬ ሞኝ ነው እንጂ ቄስ አይደለም። ልጅህን ይዘህ ሂድ፤ አላህ ይጠብቀው።»

ሸማኔው እያጉረመረመ ሄደ፤ እትዬ ሐሊማም የሁሉንም ፈትል ወደ እግር አወረዱት። በገበያው «ሞኝ» ተብዬ ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሰው ግን ቃሉን ቶሎ ለመደው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአስካለ ልጅ ደምሴ አይበላም ነበር። መጀመሪያ የናፍቆት መሰለን። የማሽላ ገንፎ ሲሰጡት አፉን ይገጥማል፤ በማንኪያ ቢገፉበት ምላሱ ላይ አቆይቶ ይተፋዋል። የላም ወተት ጠዋት ይመጣለታል፤ በቆላው ሙቀት እስከ ቀትር ስለሚቆመጥጥ ካፉ አያስጠጋውም። የእናቱ ጡት ከጠጠሩና ከሙቀቱ ብዛት ደርቆባታል። ጉንጩ ጎደጎደ፣ ዓይኑ ተለቀ፤ ዳዴውን ትቶ አንድ ቦታ ተቀምጦ ያያል። ማታ ማታ አስካለ ስትወስደው ክንዱን ትጨብጥና ትለካዋለች።

ለምን እንደማይበላ ማወቅ አለብኝ አልኩ። በሌላ ልጅ ዕቃ አቀረብኩለት፤ እምቢ። እኔ ራሴ በልቼ አሳየሁት፤ ገንፎውን ጨረስኩለት እንጂ አልተጎመጀም። ከቤቴ የምትታለብ ፍየል አመጣሁ፤ ትኩስ ወተት እዚያው ታልቦ ቢሰጠው ይቀበላል ብዬ ነው። ፍየሏ ከሌሎቹ ልጆች እግር ላይ ፈትሎቹን አንድ በአንድ በልታ ጨረሰች፤ ቀጥላ ባርኔጣዬን በላች፤ ከዚያ ልጆቹ ሲሳፈሩባት በርግጋ ወደ መንገዱ ሮጠች። ካቦው ራት አደረጋት። ደምሴ ይህን ሁሉ በጸጥታ ተመለከተ፤ ወተቱን ግን አልነካም።

አንድ ቀትር ላይ አስያ ልጇን ልታጠጣ መጣች። በጭስ የታጠነ የእንጨት የወተት ዕቃ ይዛለች። አስያ አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ለካቦውም ለእኔም አንተ ነው። ደምሴን አየችው፤ ብድግ አድርጋ መዘነችው።

«ይሄ ይሞታል» አለችኝ። «አንተ ምን ታያለህ?»

«አይበላም» አልኳት።

«አይበላም አይደለም። የሚበላ አልሰጠኸውም።»

የወተት ዕቃውን ከልጇ አፍ ወስዳ ወደ ደምሴ አፍ አስጠጋች። እዚህ ላይ የአካባቢውን ደንብ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፦ የግመል ወተት ክርስቲያን አይጠጣም። የጠጣ እምነቱን እንደ ለቀቀ ነው የሚቆጠረው፤ ጎረቤት ከማዕዱ ያርቀዋል፣ ቄስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይመልሰዋል። እትዬ ሐሊማ ወደ እኔ ዞሩ።

«አያ ነጋዴ፣ እኛ እስላሞች ነን፤ ለኛ ሐላል ነው። እዚህ ያለኸው ክርስቲያን አንተ ነህ። ተው በል፣ ወይም አትበል።»

ልጁን አየሁት። ዓይኑ ከዕቃው ላይ አልተነሣም። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ እትዬ ሐሊማ።

«ጆንያ እየቆጠርኩ ነው።»

«ጆንያ የት አለና?»

«ለዚያ ነው የሚያስቸግረው» አልኩ።

ከጀርባዬ የመዋጥ ድምፅ ሰማሁ። ጎጭ፣ ጎጭ፣ ጎጭ። ሲያበቃ አንድ ትንሽ ግሳት ተከተለ። ዞሬ ሳይ ደምሴ ከአስያ ልጅ አጠገብ ተኝቷል።

ሰው የሠራውን በዝምታ ለማሳለፍ ያስባል፤ ሕፃን ግን ምሥጢር አይጠብቅም። በሦስተኛው ቀን ማታ አስካለ ስትመጣ ደምሴ አፉ ዙሪያ ነጭ አረፋ ይዞ፣ እየሳቀ፣ ወደ ግመሎቹ ይጠቁማል። ክንዱን ጨበጠች፤ ፊቷ በራ። ከዚያ አፉን አሸተተች።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄን አሰለሙት» አለች። ክንዱን መልሳ ጨበጠችና፣ «ግን ክንዱ ሞልቷል» አለች። ሁለቱን በአንድ ድምፅ ነው የተናገረችው።

ከደብሩ ቄስ፣ ከመምሬ ዘንድ ሄዳ ነገረች። መምሬ ቁጣቸውም ደግነታቸውም ቶሎ የሚመጣ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ቀን ቁጣው ቀድሞ መጣ። ልጁ ከዚያ ቤት እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳታመጪው አሏት።

«ከዚህ ካወጣሁት አይበላም፤ እዚህ ካዋልኩት አይቆርብም» አለችኝ አስካለ። «ሥራውን ትቼ ልያዘው እንዳልል ሁለታችንም እንራባለን። ምን ላድርገው ጋሼ? አባቱ ሲመጣ ምን ብዬ ላሳየው?»

እኔም የማውቀውን ሙያ ሞከርኩ። ሸቀጥ መደባለቅ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ራሴ ሠርቻለሁ አልልም፣ አይቻለሁ። የአስያን የወተት ዕቃ ተዋስኩና ጠዋት የታለበ የላም ወተት ሞልቼ፣ ጭሱ እንዲሸተው አድርጌ፣ የግመል መጥሪያውን ድምፅ በምላሴ እያሰማሁ ለደምሴ አቀረብኩለት። አንድ ጊዜ ቀመሰ። አፉን ሞልቶ ልብሴ ላይ ተፋው። ከዚያ ትክ ብሎ አየኝ። በሚዛን ሲያጭበረብሩት ያወቀ ደንበኛ እንዴት እንደሚያይ አውቃለሁ፤ ጥርሱ ገና ባልሞላ ልጅ ፊት ላይ ግን አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ ወደ መምሬ ሄድኩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ አገኘኋቸው።

«አባ፣ ነገሩን እንደገና ብናየው» አልኩ።

«ምኑ ይታያል? ግመል ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም። ርኩስ ናት።»

«እሱ ሥጋዋ አይደለም?»

«ወተቱስ ከየት ወጣ? ከዛፍ?»

በዚህ በር እንደማልገባ ገባኝ። ገበያ ላይ አንዱ ዋጋ እምቢ ሲል ከሌላ በኩል መዞር ነው።

«አባ፣ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም አይደል?»

«አይጾምም።»

«ቢያጠፋስ?»

«ሕፃን ምን ያውቃል? ጥፋቱ ባስጠጣው ላይ ነው።»

«ያስጠጣችው አስያ ናት። እስላም ናት።»

«እኔ በእሷ ላይ ሥልጣን የለኝም» አሉ መምሬ። ጺማቸውን ያዙ። «በቤቱ ሌላ ማን ነበር?»

«እትዬ ሐሊማ ነበሩ።»

«ክርስቲያን ማን ነበር እላለሁ?»

የአጥሩን እንጨት መቁጠር ጀመርኩ።

«አንተ ምን ታደርግ ነበር?»

«ግድግዳ አይ ነበር።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የአንተ ነው» አሉ፤ ያን ጊዜ ደግነታቸው መጣ፣ ወይም ከደግነት የሚመስል ነገር። «መቶ ስግደት ትሰግዳለህ።»

«መቶ! አባ፣ ጉልበቴን ይዩልኝ እንጂ። ሃያ ይበሉኝ።»

«ቤተ ክርስቲያን ገበያ መሰለህ? ስልሳ።»

በአርባ ተስማማን። ያኔ ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለልኝ።

«እኔ ከሰገድኩ ልጁ ነፃ ነው?»

«ነፃ ነው። ጠበል ይረጫል፣ ይቆርባል።»

«ነገ ደግሞ ቢጠጣ?»

«ነገም አንተ ትሰግዳለህ» አሉ። «በጠጣ ቁጥር አርባ። ሳይጠጣ እንዳይቀር ደግሞ እኔ ራሴ እየመጣሁ አያለሁ።»

ስንት ዓመት ነግጄ እንደዚያ ያለ ውል ገጥሞኝ አያውቅም። እሱ ይጠጣል፣ እኔ እወድቃለሁ እነሣለሁ። ለአስካለ ስነግራት ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ «እሱን ተይው፣ ያስፈልገኛል» አልኳት።

ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ቀትር ላይ አስያ ታጠጣለች፣ እኔ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እሰግዳለሁ። ስቆጥር ስለሚጠፋኝ እትዬ ሐሊማ በመቁጠሪያቸው ይይዙልኛል። እስላም ቆጥሮለት የሰገደ ክርስቲያን ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ። «ሃያ ሁለት... ተነሥ አያ ነጋዴ፣ ይቺ ግማሽ ናት፣ አልቆጠርኳትም!» ይሉኛል። ገበያተኛው ሁሉ እየመጣ በበሩ ያያል። «በሰው ልጅ ጠጪነት የሚቀጣ ነጋዴ» ተባልኩ፤ ዋጋ ሊቀንስ የሚፈልግ ሁሉ ይህን ያነሣብኝ ጀመር።

ችግሩ እዚያ ቢቆም ጥሩ ነበር። ልጅ ያየውን ያደርጋል። ሳምንት ሳይቆይ ሁሉም ከኋላዬ ተደርድረው አብረውኝ ይሰግዱ ጀመር፤ የአርጎባው፣ የኦሮሞዋ፣ የአፋሯ፣ የደጋው። አንዱ በግንባሩ፣ አንዱ በሆዱ፣ አንዱ ተገልብጦ በራሱ። ወደ ምሥራቅ የሚሰግድ አለ፣ ወደ ሰሜን አለ፣ ወደ ምግቡ ዕቃ ደግሞ ብዙ አለ። ይህንን ሳይ የሸማኔው ዱላ ታወሰኝና ላብ አጠመቀኝ። «አቁሙ!» ብላቸው ሳቁ፤ ደግመው ወደቁ።

እግዜር ሲጨምርልኝ በዚያው ቀትር ሸማኔው ከበሩ ቆመ፤ መምሬም ደምሴ መጠጣቱን ሊያዩ ከኋላው መጡ። እኔ ግንባሬ መሬት ላይ ነበር፤ እዚያው ቀረሁ።

ሸማኔው ልጁን አየ። ግንባሩን ሰጥቶ ተደፍቷል። «ማሻአላህ» አለ፤ ድምፁ ተለሰለሰ። «ሱጁድ አስተማራችሁት? እኔ ቤት እምቢ ብሎኝ ነበር።»

መምሬ ደግሞ በዚያው በር ጭንቅላታቸውን አስገብተው፣ «እሰይ፣ ሕፃናቱ ስግደት ለመዱ!» አሉ።

አንደኛው ሌላውን አየ። እኔ መሬቱን አየሁ። ሁለቱም በየፊናቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

«እትዬ ሐሊማ» አልኩ ሳልነሣ፣ «እውነቱ የማን ነው?»

«ተነሥ፤ ሠላሳ አንድ ነህ» አሉኝ።

ውሎ አድሮ ደምሴ ቆመ፤ መጀመሪያ የግመሏን እግር ይዞ፣ ከዚያ የአስያን ልጅ ይዞ፣ በኋላ ምንም ሳይዝ። አንድ ቀን የአስያ ልጅ የቆረሰችውን የማሽላ ቂጣ ከእጇ ነጥቆ በላ። እንዴት ወደደው? ያን ጊዜስ ለምን እምቢ አለ? ሙቀቱ ነው፣ ናፍቆቱ ነው፣ ከልጅቱ መብላት ስለፈለገ ነው፤ ሦስቱንም አስቤ አንዱንም አልመረጥኩም። አስያን ስጠይቃት፣ «ተራበ፣ በላ» አለችኝ።

ከዚያ መንገዱ ከሮቢት አለፈና ሥራው ወደ አጣዬ ሄደ። ሴቶቹም ልጆቻቸውን ይዘው ተከተሉት። አስካለ ልታዝለው ስትጎነበስ ደምሴ ጀርባዋን ገፍቶ በራሱ እግር ወረደ፤ አቧራ እያስነሣ ከፊቷ ሄደ። መምሬ ያን ቀን መጥተው፣ በገበያ ግርግር ሳልሰግድ ያሳለፍኳቸውን ቀናት አስታወሱኝ።

ደምሴ በእግሩ ሄዷል። አስካለ ሥራዋን አላጣችም። በእኔ በኩል የአንድ ሳምንት ስግደት ቀሪ አለብኝ።